ለአባዬ ጋዜጣ ማን ያንብብ?

ጥር 2
አባዬ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ አንድ ወር ማንበብ ተከልክሏል። የወንድሜ ሚስት ታነብለት ጀመር። የሆነ አገር ጎርፍ፣ የሆነ አገር ምርጫ... ድምጿ ደግሞ ቁርጥ ሬዲዮ! «ጋዜጠኛዋ» ብዬ ስም አወጣሁላት። ትናደዳለች ስል ይባስ ብላ ሳቀች።

ጥር 5
አባዬን የማስቀው እኔ ነበርኩ። የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን አረማመድ ሳሳየው እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ዛሬ ገና ስጀምር፣ «ቆይ አንተ!» አለኝና ወደሷ ዞረ፤ «መርከቧስ ምን ሆነች ልጄ?»
መርከቧ! አሸዋ ላይ የተቀረቀረች መርከብ ከእኔ በለጠች?

ጥር 9
እኔም ዜና አመጣሁ። «አባዬ፣ ባሕር ማዶ አህያ ከንቲባ ሆነች አሉ።»
«ስንት ድምፅ አገኘች?» ብሎ ሳቀልኝ። ደስታዬ ሳያልቅ፣ «በይ ልጄ፣ አሁን እውነተኛውን አንብቢልኝ።»
እርር ድብን አልኩ።

ጥር 13
ቁምሳጥን ውስጥ የተነጠፈ ያምና ጋዜጣ አገኘሁ። ላዩን የዛሬ፣ ውስጡን ያምና አድርጌ አጣጠፍኩት። እስቲ ትዋረድ! ምንም ሳትጠረጥር አነበበች፤ የሩቅ አገር ፕሬዚዳንት ድልድይ መረቁ።
«ሰውዬው ሞተው የለም እንዴ?» አለ አባዬ።
«ኧረ አባባ፣ ትናንት ነው የመረቁት!»
አባዬ ግንባሩን አሻሸ። እኔ አፌን በትራስ አፍኜ...

ጥር 14
ዜና አልፈልግም አለ። ምን ነካው?

ጥር 16
ለወንድሜ ሲነግረው ሰማሁ። «የቀብራቸውን ዜና በገዛ ዓይኔ አንብቤያለሁ። አሁን ድልድይ መረቁ ይሉኛል... ጭንቅላቴ ሊከዳኝ ነው። ታላቅ ወንድሜም እንዲህ ነው የጀመረው። ልጆቹን ሳይለይ ሞተ።»
አባዬ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ምሳዬን ሳልነካ ተነሳሁ።

ጥር 17
ነገርኩት። «ጭንቅላትህ ደህና ነው አባዬ። የተበላሸው የኔ ነው።» ጋዜጣውን የቀላቀልኩት እኔ መሆኔን... ሁሉንም። ጥፊ ስጠብቅ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።
«እና ሰውዬው ሞተዋል?»
«ድብን ብለው!»
«ተመስገን!»
እኛ ስንስቅ ጋዜጠኛዋ አልሳቀችም። «አንተ ተንኮለኛ! ከነገ ጀምሮ ራስህ ታነባለህ!» አባዬም ፈረደብኝ። እኔ? ከስድስተኛ ክፍል ጋር ተኳርፈን የተለያየነው?

ጥር 21
«የመ...ሬት መን...ቀጥ...»
«መሬቱ ተንቀጥቅጦ አበቃ፣ አንተ ገና ነህ» አለ አባዬ። ጋዜጠኛዋ ከጓዳ ሆና ታርመኛለች። ውርደት! ግን ከፍርስራሹ ስር ሕፃን በሕይወት አወጡ የሚለው ጋ ስደርስ፣ የአባዬ እጅ ጉልበቴን ጨመቅ አደረገው። ገጹን እንዳልጨርስ ተመኘሁ።

የካቲት 2
ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ ማንበብ ይችላሉ» አለው። አዲሱን መነጽር አጠለቀ። ጋዜጣውን ገለጠ... አሁን ደግሞ በመነጽር ልቅና?
ትንሽ አየት አደረገና አጥፎ አቀበለኝ።
«አንብብ። አንተ ስታነብ ዓለም ቀስ ትላለች።»
ጋዜጠኛዋ እጇን ዘረጋች። «ዛሬ እንኳ እኔ ላንብብለት፣ አንተ ወመኔ!»
«ወረፋ ያዢ፣ እትዬ» አልኳት።