የባለ አንድ መስመሯ ግንበኛ የሕይወት ታሪክ

ቋ፣ ቋ፣ ቋቋ። በዚህ ዳገት ላይ የኖረ ሰው ሁሉ እሳቸውን ከማየቱ በፊት የሚሰማው ይህን ነበር፤ ሁለቴ ረጋ ብሎ፣ ሁለቴ ፈጠን ብሎ ድንጋይ የሚመታ መዶሻ። ድምፁ ከላይ ተነሥቶ በየበሩ ሲደርስ እናቶች «ነግቷል፣ ግንበኛዋ ጀምረዋል፣ ተነሣ አንተ!» እያሉ ልጆቻቸውን ይቀሰቅሱ ነበር። ዛሬ በእንባ የምንሸኘው የዚያን መዶሻ ባለቤት ነው።

መላው ሰፈር «አክስታችን» የሚላቸው ግንበኛዋ ከአባታቸው ከጋሪ ነጂው እና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በዚሁ ዳገት ሥር፣ በሩና መስኮቱ በአንድ ወገን በሆነ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከሦስት ወንድሞች ቀጥለው የመጡ አራተኛ ልጅ ነበሩ።

አሥር ዓመት ሲሞላቸው በዚያ ቤት ላይ ሰማይ ተደፋ። ሦስቱ ወንድሞቻቸው የሰው ከብት ሰርቀው ሊነዱ ወንዝ ተሻግረው ሄዱ፤ ከብቱም ሳይመጣ የሦስቱም ሬሳ በአንድ ቀን መጣ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አባታቸው ጠፍቷቸው አይደለም፤ ግን ልጅ ልጅ ነው፣ አጥፍቶ ቢሞትም አንጀት አይቆርጥበትም። ብዙ ቀን አለቀሱ። ዘመዶቻቸው ከሩቅም ከቅርብም እየመጡ ቢያጽናኗቸው የሚጽናኑ አልሆኑም።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባትየው «ምትክ» ብለው ጠሩት፤ ሌላ መጠሪያም አላገኘም። እናትየው የሟቾቹን ሸሚዝና ሱሪ እየቀደዱ፣ እያጠበቡ፣ እያሳጠሩ ሰፉለት። ወንድማቸው የሦስት ሰው ልብስ ለብሰው የሦስት ሰው ዕዳ እንደተሸከሙ አደጉ። ምግብ ካስተረፉ «ያ ታላቅህ እኮ እንዲህ አያደርግም ነበር» ይባላሉ፤ ከሣቁም «ሣቁ የመካከለኛውን ይመስላል» ተብሎ ይለቀሳል።

አባታቸው ስንት ልጆች እንዳሏቸው የጠየቃቸውን ሁሉ «አራት ነበሩኝ፤ ሦስቱ ሄዱ፣ አንድ ቀረኝ» ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ውሃ የሚያቀብሏቸው ሴት ልጃቸው ነበሩ።

አክስታችን ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡት ክረምቱ ከብዶ የቤቱ የጓሮ ግድግዳ በተናደበት ዓመት ነው። አባትየው የተናደውን አይተው «ይናድ! ለማን ብዬ ላቁመው?» ብለው ወደ ጋሪያቸው ሄዱ። ልጃቸው ግን ድንጋዩን እያነሡ ይደረድሩ ጀመር። እስከ ወገባቸው ሲደርስ ይወድቃል፤ ደግመው ያነሡታል። በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቆመው ሲያዩ ቆዩና አላስችላቸው አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ እንደ ማገዶ አይከመርም! እርስ በርሱ ይነካከሳል እንጂ።»

«እንግዲያው እንዴት እንደሚናከስ ያሳዩኛ፣ ቆመው ከሚያዩኝ።»

ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃና አሸዋ ተሸካሚ አድርገው ወሰዷቸው፤ ቀጥሎ ሲባጎ አስያዟቸው፣ የግድግዳ ቀጥታ የሚታይበትን ቱንቢ አንጠለጠሉላቸው፣ በመጨረሻም የራሳቸውን መዶሻ ሰጧቸው። የትምህርት ቤቱ አጥር፣ የገበያው ደረጃ፣ የጤና ጣቢያው መሠረት የዚያ መዶሻ ሥራ ነው። ሥራ ላይ ወንዶቹ «ድንጋይ ያገባች» እያሉ ሲያሽሟጥጧቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ድንጋይ ምን አለበት? ያስቀመጡት ቦታ ይገኛል።»

ትዳርን በተመለከተ፣ አሸዋ የሚያመላልሱ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሽማግሌ ልከውባቸው ነበር። «ቤቱን ልጨርስና» አሏቸው። ሹፌሩ ታገሡ፣ ታገሡና «የእርስዎ ቤት የሚያልቀው ድንጋይ ሲያልቅ ነው» ብለው ሌላ አገቡ። እስከ መጨረሻው ግን ወዳጅ ነበሩ፤ አሸዋቸውንም ሳያዛቡ ያመጡላቸው ነበር።

ያ ቤት ይህ ነው፤ ዛሬ የተቀመጥንበት። መጀመሪያ ለወላጆቻቸው የታችኛውን ቤት ሠሩ። ቀጥሎ ከዳገቱ ከፍ ብሎ የላይኛውን ሠሩ፤ ከዚያ ጋር አያይዘው ለወንድማቸው አንድ ክፍል ሊጨምሩ አስበው ነበር። «ለእሱ አዲስ ነገር ይገባዋል፤ ማንም ያልሞተበት፣ ማንም ያልለበሰው» ይሉ ነበር። ጣሪያው በለበሰ ዕለት ወንድማቸው ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ ቆርቆሮ ሲያቀብሉ ውለው፣ ማታ እጃቸውን ታጥበው እንደወጡ አልተመለሱም። ምን አስከፋቸው? ማን ምን አላቸው? የሚያውቅ የለም።

ግንበኛ ግድግዳውን የሚቀጥልበት ከሆነ ጫፉን አለስልሶ አይዘጋውም፤ አንዱን ድንጋይ ወጣ፣ አንዱን ገባ እያደረገ እንደ ጥርስ ይተወዋል፤ የሚመጣው ግድግዳ እዚያ ላይ እንዲነክስ። አክስታችንም የላይኛውን ቤት ጫፍ እንዲሁ ተዉት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንድማቸው ሕፃን ልጅ ይዘው አንድ ጠዋት መጡ። «እታለም፣ ያዥልኝ» አሏቸው፤ ያዙላቸው። ዞር ሲሉ ወንድማቸው የሉም። ጎረቤት «ምነው ሳትጠይቂው?» ቢላቸው «ልጅ አምጥቶልኝ ምን ብዬ ልጠይቀው» ብለው ሕፃኑን አቀፉ። እንደ እናት አሳደጉት፤ አንድ ቀንም «ምትክ» ብለው አልጠሩትም።

እናታቸው ካረፉ በኋላ የአባታቸው ዓይን ደከመ፤ አክስታችን ማታ ማታ ቅዱሱን መጽሐፍ ያነቡላቸው ጀመር። አባትየው መዝለል አይወዱም፤ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለውን የትውልድ ቈጠራ እንኳ ስም በስም ያስነብቡ ነበር። እንዲህ እያሉ ልጆቹ ከብት ሊወስዱ ወርደው የተገደሉበት አንድ አባት ዘንድ ደረሱ፤ ብዙ ቀን አለቀሰ፣ ወንድሞቹም ሊያጽናኑት መጡ፣ ከመከራውም በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደለት ይላል። አባትየው ወደ ንባቡ ጠጋ አሉ። ሴት ልጃቸው ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ፤ ያ ሰው ሴት ልጅም ነበረችው፣ የታችኛውንና የላይኛውን ከተማ የሠራች።

«ቆይ። እሱን መልሺው።»

መለሱት።

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት፣ አባባ።»

«ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል ተቈጠረች?»

«አንድ መስመር ሰጥተዋታል። ስለሠራች መሰለኝ።»

አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ድንጋዩን በእጃቸው ሲዳስሱ ቆዩ። በማግሥቱ ሊጠይቃቸው የመጣ እንግዳ ስለ ልጆቻቸው ቢያነሣባቸው «አምስት ነበሩኝ፤ ሦስቱ ሄዱ፣ ሁለት ቀሩኝ» አሉ። ውሃ ይዘው በር ላይ የቆሙት ልጃቸው ብርጭቆውን አስቀምጠው ወጡ። የዚያን ቀን መዶሻው ፀሐይ እስክትጠልቅ ሲሰማ ዋለ። ጎረቤት ወሬውን ሰምቶ «ባለ አንድ መስመሯ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ቀልድ ነበር፣ እሳቸው ግን ወደዱት። አባታቸው ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ዓመታት አለፉ፤ ጥርሱ እንደተከፈተ ቀረ። ሰው «ኧረ ዝጉት፣ ቤቱ የሚያዛጋ ይመስላል» ይላቸዋል። «የሚነክሰው ይምጣ» ይላሉ። ወንድማቸው እየሠራበት ነው ወደተባለ ከተማ ሁሉ መልእክት ላኩ፤ «ክፍልህን ልጨርስልህ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ና» የሚል። መልስ አልመጣም። ድንጋዩን ጠርበው፣ ከግድግዳው ሥር ከምረው፣ በቆርቆሮ ሸፍነው አቆዩት።

የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን እንደጎዳው ሐኪም የነገራቸው ባለፈው ዓመት ነው። መዶሻ ማንሣት ሲያቅታቸው ወንበር አስወጥተው ከጥርሱ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። የግቢው በር በተንቋቋ ቍጥር «ማን መጣ?» ይላሉ። ያሳደጉት ልጅ «ነፋስ ነው፣ እማ» ሲላቸው «ነፋስም ይግባ» ብለው ፈገግ ይላሉ። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ሥራ በሚጀምሩበት ሰዓት፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሰፈሩ ያን ጠዋት የሚቀሰቅሰው አጣ።

አክስታችን አንድ ወንድምና እንደ እናት ያሳደጉትን አንድ የወንድም ልጅ ትተው ሄደዋል። ስንቱን ቤት ያቆሙ እጆች ባለቤት ናቸውና፣ ፈጣሪ በማይናድ ቤት ያሳርፋቸው፤ በሕይወት መዝገብም ከአንድ መስመር በላይ ይጻፍላቸው። ለቆምነውም መጽናናትን ይስጠን።

ይህን ታሪክ ዛሬ እንዲያነቡልን የተለመኑት ወንድማቸው ነበሩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሽበታም ሆነዋል። እሺ ብለው ወረቀቱን ተቀበሉና ብቻቸውን ወደ ላይኛው ቤት ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ቋ፣ ቋ፣ ቋቋ የሚል ድምፅ ወረደ። ታች የተቀመጠው ለቀስተኛ በአንድ ጊዜ ቀና አለ፤ አንዲት አሮጊት ጎረቤት «ነግቷል እንዴ?» አሉ። ወጥተን ስናይ፣ ከተከመረው ድንጋይ አንዱ ከጥርሱ መካከል ገብቶ ነክሷል። ወንድማቸው መዶሻውን እኅታቸው በሚሰቅሉበት ምስማር ላይ ሰቅለው፣ እጃቸውን በባልዲ ታጠቡ። በልጃቸው አጠገብ ሲያልፉ እርጥብ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው አነሡና ቁልቁለቱን ወርደው ሄዱ።