ሦስት ጣት

ሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም

ደብዳቤው አሁንም «ለአቶ ኪሮስ» ይላል። ባሌ ከሞተ አራት ወር አልፎታል። የሞት ማስረጃውን ማኅተም አስመትቼ ለዞኑ ቢሮ ሁለት ጊዜ አስገብቻለሁ። ደብዳቤውን ያመጣልኝ የቢሮው ባለሙያ አቶ ደምስ አፍሮ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ምንም አልመሰለኝም። «ይሁን፣ ስሙ እንኳ ሳይሳሳት ተጽፏል» አልኩት።

ነገሩ ይኼ ነው። መንግሥት ለአነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የምርምር ድጋፍ ይሰጣል። ኪሮስ በማሽላ መውቂያው ተወዳድሮ ሰኔ ላይ የመጀመሪያውን ዙር አለፈ። መውቂያውን ለሙከራ ባሕር ዳር ወሰዱት፤ እስካሁን እዚያው ነው። ኪሮስ ደግሞ ሐምሌ ላይ ብረት ሊገዛ ወልዲያ ሄዶ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። አሁን የክልሉ ባለሙያዎች በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣሉ። ሁለተኛ መውቂያ ተሠርቶ ማየት ይፈልጋሉ። አቶ ደምስ እንዳስረዳኝ፣ አንዴ ብቻ የሠራ ዕቃ እንደ አጋጣሚ ይቆጠራል፤ ሁለተኛውም እኩል ከወቃ ነው ድጋፍ የሚገባው።

ካለፍን ቀበሌው ለሥራ የሰጠን ሼድ በእጄ ይቆያል። ከወደቅን ቀበሌው ለሌላ ማኅበር ይሰጠዋል፤ ወረፋ ይዘው የሚጠብቁ አሉ። መኖሪያዬም ከሼዱ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ናት።

ያለኝ፦ አንድ በርሜል፣ ጓሮ የቀረ ፌሮ፣ የብየዳ ማሽኑ፣ ይኼ የኪሮስ ደብተር። እሱ ከፊት ጀምሮ ጽፎበታል፣ እኔ ከኋላ ጀምሬ እጽፍበታለሁ።

የሌለኝ፦ ኪሮስ። የመሣሪያ ሳጥኑ። ሳጥኑን አማቴ እማሆይ ለተብርሃን ለቅሶው እንዳበቃ ወደ አገራቸው ወደ አስከተማ ይዘውት ሄዱ። ልብሱን ለኔ ትተው ብረቱን ወሰዱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

በየነን ቀጠርኩት። ከኪሮስ ጋር ብዙ ዓመት አብሮ በይዷል፤ ይኼን መውቂያ ሲሠራ ግን አልነበረም። ክንዱ ወፍራም ነው፣ ጣቱ ወፍራም ነው፣ ድምፁም ወፍራም ነው። ለቅሶ ቤት ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ደብተሩን አነበብኩለት። በርሜሉ ተጋድሞ ይዞራል፤ ዙሪያውን የፌሮ ጥርስ ይበየድበታል፤ ከሥሩ ወንፊት አለ። አንድ ሰው መዘውሩን ሲያዞር የማሽላው ራስ በጥርሱና በወንፊቱ መካከል እየታሸ ያልፋል፣ ፍሬው ይወርዳል። በአህያ ተጭኖ ዝቋላ ወረዳ ድረስ የሚሄድ ዕቃ ነው። ልኬቱ በሙሉ በእጅ ነው፦ የእግሩ ቁመት አራት ስንዝር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል አንድ ጋት፣ ከጥርስ ጫፍ እስከ ወንፊት ሦስት ጣት። ሜትር ነበረው እኮ። ለምን በሜትር አትጽፍም ስለው «ሜትር ይጠፋል፣ እጅ የት ይጠፋል» ይለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ምሳ አቀረብኩ። በየነ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ፣ «እቴ ዝናሽ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» አለ። ቀመስኩት። ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቅሁም። ሐምሌ ሙሉ፣ ነሐሴ ሙሉ፣ እስከዛሬም ምግብ አፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ጥርሱ ተበይዶ አለቀ። ብየዳው ያምራል። በየነ ሦስት ጣቱን አስገብቶ ወንፊቱን አጋጠመና ዘጋው።

ሲለካ እያየሁ አንድ ነገር አስታወስኩ። ኪሮስ መውቂያውን ሲሠራ እኔ ማጀት እሆናለሁ። ይጠራኛል። «ዝኔ፣ እጅሽን አምጪው።» እጄ ሊጥ ነው እላለሁ፣ እጄ በርበሬ ነው እላለሁ፤ አይሰማም። ስሄድ እጄን በሽርጡ ይጠርግልኛል፣ ብረቱ መሀል ይከተዋል፣ እዚያው ይዞ ይቆያል። ከሚገባው በላይ ይቆያል። ከዚያ «በቃ ሂጂ» ይላል። በቀን ሦስቴም አራቴም። ጎረቤት ይስቅብን ነበር። እኔም በልቤ፣ ይኼ ሰው ሚስቱን በጠራራ ፀሐይ እጇን ለመያዝ አፍሮ ሥራ አስመሰለው እል ነበር። እየተነጫነጭኩ ነበር የምሄደው፤ አንድ ቀን ግን ቀርቼ አላውቅም።

ይኼን ጽፌ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። እንባ ይመጣል ብዬ። አልመጣም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት። ብየዳ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። አንዷ ለጎረቤቷ፣ ያቺ እኮ ባሏን ስትቀብር እንባ አልወጣትም፣ ልቧ ደንድኗል ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ ሰላም አልኳት። ክፉም ደግም አልተሰማኝም።

ወደ አስከተማ የሚሄድ ሰው አግኝቼ ለእማሆይ ላክሁ። የመሣሪያ ሳጥኑን ለአንድ ሳምንት ብቻ ያውሱኝ፣ የኪሮስ ሥራ ሊታይ ነው በልልኝ አልኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 22

ወድቋል።

ከዝቋላ የመጣ አንድ ጆንያ ማሽላ ሞከርን። በየነ አዞረ፣ እኔ ራስ ራሱን እየመረጥኩ አጎረስኩ። ግማሹ እንደገባ ወጣ፤ ፍሬው ላዩ ላይ። በየነ ደብተሩን ከእጄ ነጥቆ አየውና ሦስት ጣቱን ዘረጋልኝ። «ሦስት ይላል። ይኸው ሦስት።» ልክ ነው፣ ሦስት ነው።

ከሰዓት በኋላ በግምት አጠበበው። አሁን ደግሞ ፍሬው ተፈርክሶ ዱቄት ሆነ። ትንሽ አላላው፤ አንዱ ወገን ይወቃል፣ ሌላው ወገን ያልፋል። እንደገና ፈታው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስድስት ጊዜ ፈታን፣ ገጠምን። በየነ፣ ኪሮስ ያልጻፈው ምሥጢር አለ አለ። ምናልባት። እኔ ወለሉን ጠረግሁ። ሼዱን ማን ይወስደው ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ የሌላ ሰው ሼድ የማስብ ያህል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 23

የእማሆይ መልስ መጣ፦ ብረቱን አልሰጥም። ይኸው ነው። ያመጣው ሰው እያፈረ ነገረኝ። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ብዙ ተናግረዋል፣ እኔ ግን በአማርኛ የምነግርሽ ይኼን ብቻ ነው አለ።

በየነ ገበያ ሄዷል። ብቻዬን መዘውሩን ሳዞር አንድ የማሽላ ራስ መሀል ተሰነቀረ። እጄን ሰድጄ አወጣሁት። ደግሜ ሳዞር ሌላ ተሰነቀረ፣ ደግሜ ሰደድኩ። ያኔ ነው የገባኝ። እጄ ምንም ሳይነካው ገባ፣ ምንም ሳይነካው ወጣ። የኪሮስ መውቂያ እንዲህ አልነበረም። ይይዘኝ ነበር። የቀለበት ጣቴ አንጓ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ነው የመጣው፤ አንድ ቀን ተናድጄ እጄን ስመነጭቅ ጥርሱ ላጠኝ።

ሦስት ጣት የሚለው የኔ ጣት ነው። የበየነ አይደለም፣ የራሱም አይደለም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የመውቂያው ምሥጢር ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ገባኝ። ያ ሁሉ ጥሪ፣ ሽርጥ ላይ መጥረጉ፣ ይዞ መቆየቱ፣ ልኬት ነበር። እኔ ናፍቆት ይመስለኝ ነበር። ሜትር ሆኜ ነው የኖርኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 24

ከቅዳሴ ስንወጣ ለበየነ ነገርኩት። ቆሞ የራሱን ጣቶች አየ፣ የኔን አየ። «ታዲያ ምነው ከመጀመሪያው አትነግሪኝም?» አለኝ። አላወቅሁማ። ባሌ የሚወደኝ መስሎኝ ነበር ልበለው? ነገ በጠዋት እንጀምራለን ተባብለን ተለያየን።

ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። አልተኛሁምም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

በየነ ወንፊቱን ፈታ። ሦስት ጣቴን በጥርሱና በወንፊቱ መሀል አስገባሁ፣ እሱ እስኪይዘኝ ድረስ አጠበበ፣ በዚያው በየደው። አራቱም ማዕዘን ላይ እንዲሁ። እጄን ሊይዝ አፈረ፤ በፒንሳ ጫፍ ነው ወዲህ ወዲያ በይ የሚለኝ።

ማሽላው ገባ። ፍሬው ሙሉ፣ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። ባዶው ራስ በዚያ በኩል ወጣ። በየነ አንድ እፍኝ ዘግኖ አሳየኝ፤ አንድም የተፈረከሰ የለም። ሲስቅ ከጥርሱ ይልቅ ድዱ ይታያል። እኔም ሳቅሁለት፣ ስለሚገባ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26

መጡ። ሁለት ናቸው፤ መነጽር ያደረጉ ሸምገል ያሉ ሰውዬና አንዲት ኢንጂነር። አቶ ደምስም አብሯቸው ነበር። መውቂያው ሠራ። ሰውዬው ራሳቸው አዞሩት፣ ከዚያ ኢንጂነሯ አዞረች። ባሕር ዳር ካለው ጋር እኩል ነው ተባባሉ። በየነ ከበር ቆሞ ያዳምጣል።

ከዚያ ቅጹ ወጣ። «ንድፍና ልኬት» የሚል ባዶ ሳጥን አለበት። ክፍተቱ ስንት ነው አሉኝ። ሦስት ጣት አልኩ። የማን ጣት አሉ። የኔ አልኩ። ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ።

ኢንጂነሯ ጣቶቼን በመለኪያዋ ለካች። ገጠም ሳደርጋቸው አንድ ቁጥር፣ ላላ ሳደርጋቸው ሌላ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሌላ። ባሕር ዳር ያለውን እንለካ ይሆናል ግን ሙከራው አላልቶታል አለች፤ ደግሞም ልኬቱን ማቅረብ ያለበት አመልካቹ ነው። ሰውዬው ቀስ ብለው፣ በትሕትና፣ «እርስዎ የሌሉ ዕለትስ ይኼን ማን ይሠራዋል?» አሉኝ።

ይኼን እኔም ኪሮስን ጠይቄው አላውቅም።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከመሄዳቸው በፊት የማይለዋወጥ ልኬት ካመጣሁ ይቀበሉኛል። ካላመጣሁ ፋይሉ ይዘጋል። ክፋት የለባቸውም፤ ሕጉ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ እማሆይ ከአውቶቡስ ወርደው መጡ። ሳጥኑን በነጠላቸው አዝለውታል። ተንበርክኬ አወረድኩላቸው። «ምነው እማሆይ፣ አልሰጥም ብለውኝ?» አልኩ።

«የልጄን ስም ሊያነሡ መጡ አሉኝ። እንግዲህ መጣሁ» አሉ። ቀጥለው፣ «እኔ አልከፈትሁትም። የእጁ ሽታ ይወጣል ብዬ። አንቺ ክፈቺው» አሉኝ።

ነገ እንከፍተዋለን አልኳቸው። ዛሬ አቅም የለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 27

ሰዎቹ ባሉበት ነው የከፈትኩት፤ ጊዜ አልነበረም። እማሆይ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሽታው ወጣ። የዘይትና የብረት፣ ትንሽ የላብ። እማሆይ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ።

ሞረድ። ፒንሳ። መሮ ሁለት። የተጠቀለለ ሽቦ። ይጠፋል ይለው የነበረው ሜትርም አለ፣ አልጠፋም። ከሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ብረት፤ ጠርዙ በሞረድ ለስልሷል፣ ጫፉ ተበስቶ ክር ገብቶበታል፣ መያዣው አብረቅርቋል። ጣቶቼን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ልክ ናቸው። መውቂያው ውስጥ አስገባነው፤ በአራቱም ማዕዘን ሳይላላ፣ ሳይጠብቅ ያዘ።

ኢንጂነሯ ለካችው። አራት ነጥብ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ሦስት ጊዜ ለክታ ሦስት ጊዜ አንድ ቁጥር አገኘች፣ በቅጹ ሳጥን ውስጥ ጻፈችው። «ሠሪ» በሚለው መስመር ላይ ማንን ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። የኪሮስን ስም፣ ከሥሩ የኔን፣ ከዚያ የበየነን አጻፍኳት። ሦስት ስም ይፈቀድ እንደሆነ ሰውዬው አላወቁም። ውጤቱ ከጥምቀት በኋላ ይነገራል። ሼዱ እስከዚያ አይነካም ብሎ አቶ ደምስ ቃል ገባልኝ፤ የሱ ቃል ስንት እንደሚያወጣ እናያለን።

ሲሄዱ ብረቱን መልሳ ሰጠችኝ። ገልብጬ አየሁት። በመሮ የተጫረ ጽሑፍ አለበት፦ «ዝ። የካቲት 97።»

ደግሜ አነበብኩት። የካቲት 97። የመጀመሪያውን ወንፊት የገጠመ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ መውቂያውን ሃያ ጊዜ ፈትቶ ገጥሞታል፤ መለኪያው በጨርቅ ተጠቅልሎ እግሩ ሥር፣ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። እሱ ግን እስከ ባለፈው ሰኔ ድረስ «እጅሽን አምጪው» እያለ ይጠራኝ ነበር።

እዚያው ሼዱ ውስጥ፣ በየነም እማሆይም እያዩኝ፣ አለቀስኩ። ረጅም ጊዜ። እማሆይ ብረቱን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው ጠረጉትና መልሰው ሰጡኝ። ሳጥኑም እዚህ ይቅር አሉ።

ለምሳ ያቀረብኩትን ሽሮ በየነ ዝም ብሎ ይበላል። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ጨው በዝቶበታል።