ለአባትሽ ያላነበብኩለት መስመር

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሰው ይውደድሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን። የጣሪያው ፍሳሽ ቆመ፤ ጉልበቴ ግን ደረጃ ሲያይ ማኩረፉን አልተወም።

የአባትሽ መኪና ኢንሹራንስ ተሰረዘ። ደብዳቤው ሲመጣ አባትሽ ፊቱ ድረስ አስጠግቶ አየውና፣ "መነጽሬን የት ጣልኩት? እስቲ አንብቢልኝ" አለኝ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። "የዓይን ሕመምዎን ስላልገለጹልን ውልዎን ሰርዘናል" የሚለውን አነበብኩለት። "ከባለቤትዎ በደረሰን ጥቆማ መሠረት" የሚለውን ግን ዘለልኩት።

አዎ፣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ በር ላይ የምትሻገር ሴት ጭራሽ አላያትም፤ ፍሬን የያዘው እኔ ስጮህ ነው። መንዳቱን ተው ብዬ ስንቴ ለመንኩት! "ሠላሳ ዓመት የነዳሁትን አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" እያለ ይስቅብኛል።

"ማን ነገራቸው?" ሲለኝ፣ "እኔ ምን አውቄ" አልኩት። እሱም ጎረቤታችንን መካኒኩን ጠረጠረ፤ የስንት ዓመት ጓደኛውን ትናንት ሰላምታ ነሳው። ጠዋት ጠዋት የቆመችውን መኪና ይወለውልና መሪዋን ይዞ ይቀመጣል። ሰው ከሚገድል ግን ይኸው ይሻለኛል።

ሌላ ኢንሹራንስ ልግባ፣ ገንዘብ ላኪልኝ ቢልሽ፣ እባክሽ እሺ እንዳትይው። መካኒኩ በእኔ ሥራ ሊቀጣ አይገባም፤ እሑድ እውነቱን ለአባትሽ እነግረዋለሁ። የዚያን ዕለት ደውዪለት፤ እኔን ባያናግረኝ እንኳ ከአንቺ ጋር ያውራ።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ለእኔም ድፍረቱን እንዲሰጠኝ ለምኚልኝ።

እናትሽ