ገመድ ያዥ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ፒካፕ መኪናችን ጠዋት አልነሣም አለች። የእህቴ ባል ጦጣው መሪ ያዘ፣ እኔ ከኋላ ገፋሁ። ቁልቁለቱ ባይኖር ዛሬ ሥራ አልነበረም።

ትምህርት ቤት ግቢ፣ ሦስት ግራቪሊያ። ጣሪያው ላይ የተኙትን ቅርንጫፎች ብቻ አንሡልን ነው ያሉት። ጦጣው ወጣ፣ እኔ ከታች ገመድ ያዝኩ። ጦጣው የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ገና እህቴን ሳያገባ። አሁን የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ጦጣው ይሉታል። ድሮ እኔ ነበርኩ የምወጣው፣ እሱ ነበር የሚይዘው። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ተለዋወጥን። የወረደውን በሞተር መጋዝ መቆራረጥ ግን ሁሌም የኔ ነው።

ምሳ ላይ ያው ወሬ።

«ጋሼ፣ ትልቅ መኪና እንግዛ። ክሬን ያላት!»

«የሰው በር ሁሉ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ክሬንህን በአጥር ልታዘልላት ነው?»

ሳቀ። ነገም ይጀምረኛል።

ጠዋት ሁለት ጣቶቼ ነጭ ሆነው ነበር። የቀኝ እጄ። ብርዱ ነው…

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ዝናብ። ቤት ዋልኩ። ሰንሰለቶቹን ስሞርድ ሞረዱ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ።

እሁድ፣ ኅዳር 8

ባለቤቴ የደንበኛ ቀሚስ ይዛ ተቀምጣለች። ቅርብ ያለ ነገር አይታያትም፤ መርፌዋ ውስጥ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። ዛሬም ሰጠችኝ። ክሩን ያዝኩ… ይዤዋለሁ ወይ? በዓይኔ ካላየሁት በቀር መያዜን አላውቅም። ሦስቴ ሞከርኩ፤ አራተኛው ላይ መርፌው ራሱ የት እንደገባ ጠፋን። ምንጣፉ ላይ በግንባራችን ተደፍተን ፈለግን።

«መብራቱ ደካማ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ቀትር ካለፈ ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም፤ ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ምንም አላለችም። ስትጮህ አልፈራትም። ዝም ስትል ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የሆስፒታሉ ግቢ ኃላፊ ደወለችልኝ። ባለፈው ዓመት የበሩን ዋርካ ያስተካከልንላት ሴት። የራሳቸውን የዛፍ ክፍል ሊያቋቁሙ ነው። መሣሪያ ሊገዙ፣ መኪና ሊገዙ።

«ሻጮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይነግሩኛል፤ ትልቁን ግዢ። እርስዎ ምን ይሉኛል?»

«ትልቁን አይግዙ።»

«እሱን በወረቀት ይጻፉልኝ።»

እኔ? መጻፍ? እሺ አልኩ። ማን አስገደደኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ጀመርኩ። እስክሪብቶውን በጡጫ ነው የምይዘው፤ ፊደሌ የዶሮ ጭረት መሰለ። እንዲህ ጻፍኩ፦

«መጀመሪያ የሚገዛው መጋዝ አይደለም። ሰው ሁሉ መጋዙን ያስቀድማል፤ ድምፁ ደስ ስለሚል። መጀመሪያ ሄልሜት፣ የዓይን መከለያ፣ የጆሮ መሸፈኛ፣ መጋዝ የማይበጥሰው ሱሪ። እነዚህ ሳይሟሉ መጋዙ ከካርቶኑ አይውጣ።

መኪና ከመምረጥዎ በፊት ሜትር ይያዙና በሩን ይለኩ። ከዚያ ከሕንፃዎቹ ኋላ ያለውን ጠባብ ኩርባ። ገብቶ መውጣት የማይችል መኪና ውጭ ቆሞ ያያችኋል፣ ሠራተኛው እንጨት በትከሻው ይሸከማል።

እርጥብ ግንድ ይከብዳል። ግማሽ ጭነት መስሎ ይታይና ጎማው ይተኛል። ቅጠልና ጭራሮ ግን ሦስት ቅርንጫፍ ሳይጫን መኪናውን ይሞላዋል። ስለዚህ ቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን፤ ፒካፕ የሚጎትተው ትንሹ ይበቃል። አሥር ምልልስ ሁለት ይሆናል።

ቅርጫት ያለው ማንሻ መኪና ይከራዩ እንጂ አይግዙ። ከዝናብ በኋላ ሲመጣ መደገፊያ እግሮቹ ሥር ወፍራም ሳንቃ ያስደርጉ። ሾፌሩ ‹ምንም አይል› ካለዎት ይመልሱት።»

ባለቤቴ ከጀርባዬ ቆማ አነበበችው። «ለኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈህልኝ አታውቅም» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17



የአንዲት ጡረተኛ ፋርማሲስት ቤት። አሮጌ ጥድ፣ አንዱ ክንዱ፣ ትልቁ ቅርንጫፍ፣ ወደ ጎረቤት ያዘነበለ። ጦጣው ወጣ፣ ክንዱን አሰረ። ገመዱን ግንዱ ላይ ጠመጠምኩና ያዝኩ። ቆረጠ። ክብደቱ መጣ። በቀስታ ልለቅ ነው… ገመዱ ግን እየሄደ ነው። በጓንቴ ውስጥ እየሮጠ ነው! ያወቅኩት በእጄ አይደለም፤ ሲሄድ አይቼው ነው። ጨበጥኩ። መጨበጤን አላውቅም።

ክንዱ ተወርውሮ ተወዛወዘና ፒካፗ ላይ አረፈ። የፊት መስታወቷ ዱቄት ሆነ። ዛፉ በሙሉ ተናወጠ፤ ጦጣው ከላይ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ቀረ። እግሩ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀበቶው ያዘው።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?!»

ሲወርድ ከንፈሩ ደርቋል። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

«ጓንቱ አዳለጠኝ» አልኩት።

ጓንቴን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። «አዲስ ግዛ ጋሼ» ብሎ መለሰልኝ። ይኸው ነው ያለኝ። አመነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

መስታወት ተገጠመ። ጓንት ገዛሁ። አሁን ሁለት ጓንት አለኝ፤ እጅ ነው የሌለኝ።

አርብ፣ ኅዳር 20

የሆስፒታሉን ጽሑፍ ልጨርስ ተቀመጥኩ። የሰው ተራ ደረሰ፤ ማን ምን ይሥራ። «ገመድ የሚይዘው ሰው…» ብዬ ጀመርኩ። ምን ይሁን? ጠንካራ? ልምድ ያለው? እኔ ሁለቱንም ነኝ። ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ «ገመድ የሚይዘው ሰው እጁ ጤነኛ ይሁን፤ ካመመውም በዚያው ቀን ይናገር» ብዬ ጻፍኩ።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉን። ነጩን ጣት፣ ሞረዱን፣ ጥዱን።

«መርፌው የጠፋ ቀን አውቄያለሁ» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ ሰው፣ አፍህን እኔ ልክፈትልህ?» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «የጥዱን ግን አላወቅኩም። የጥዱን ባውቅ ዝም አልልም ነበር።»

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሐኪም ዘንድ። ባለቤቴ አጅባኝ ሄደች፤ መንገድ ላይ እንዳላመልጥ ይመስል ክንዴን ይዛ።

ሐኪሙ እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረው። ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲነጡ ሦስታችንም አየን። ከዚያ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ በመርፌ ጫፍ ስነካዎት ይንገሩኝ አለኝ። ጨፈንኩ። ጠበቅኩ።

«ይጀምሩ እንጂ» አልኩት።

ጨርሶ ነበር።

«መጋዙን ከያዙ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«የሞተሩ ንዝረት ነው። ዛሬ ከተዉት የቀረው ይቆይልዎታል። የሄደው ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ደጅ ወጥተን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ታሸዋለች። ሙቀቱ ይሰማኛል። ጣቶቿ አይሰሙኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ለጦጣው ነገርኩት። ቤቱ በር ላይ፣ ቁጭ ሳልል።

«መቼ ጀመረህ?»

«ካለፈው ክረምት።»

ሲያሰላ ይታየኛል፤ ከክረምት ወዲህ የወጣውን ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ እየወጣ እየወረደ ነው።

«እጅ ይታመማል» አለ። «በሱ ማንም አይቆጣም። ጓንቱ ነው አልከኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ምን ፈርተህ? እኔ ነኝ ላይ የነበርኩት! ብወድቅ ልጆቼን ማን ሊያሳድግልኝ ነበር? ጓንቱ?»

ጋሼ አላለኝም። ከተዋወቅን ጀምሮ ጋሼ ሳይለኝ የተናገረኝ ዛሬ ነው። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

አርብ፣ ኅዳር 27

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። መጋዙን ጠራርጌ፣ ቤንዚኑን አፍስሼ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁት።

እሁድ፣ ኅዳር 29

እህቴ መጣች።

«ወንድምጋሼ፣ ባሌ ሰሞኑን አጥር ነው የሚከረክመው። በመቀስ! ያ ሁሉ ዛፍ የሚወጣ ሰው የሰው አጥር ሥር ቁጢጥ ብሎ።»

«ሌላ ገመድ ያዥ አይፈልግም?»

«ሁለት ሰው መጣለት። ሁለቱንም መለሳቸው። አላምናቸውም አለ።»

«እኔንስ?»

«እኔም ተቆጥቻለሁ፤ አላለፈልኝም» አለች። «ግን ወንድሜ ነህ። የት ልጣልህ?» ስትሄድ እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ሳትስመኝ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ተመልሳ ሳመችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ጽሑፉን ለሆስፒታሉ ግቢ ኃላፊ ወሰድኩላት። ቆማ አነበበችው።

«ከሐኪሞቻችን ጽሑፍ ይሻላል» አለች። «ቢያንስ ይነበባል። በሉ አሁን መኪናውን አብረን እንይ።»

መኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ሻጩ ወደ ትልቁ ይጎትተናል። ሜትሩን አወጣሁ። «የሆስፒታሉ የኋላ በር ሁለት ሜትር ከስልሳ ነው» አለችው፤ ለክታ መጥታለች! አንዲት መካከለኛ ያገለገለች መኪና ቀረች። ስፋቷ ልክ፣ ጎማዋ ደህና፣ ሞተሯም አልተንጫጫም። በጀርባዬ ተኝቼ ሥሯ ገባሁ። ሻንሲዋ፣ የታችኛው የብረት አጥንቷ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል።

«እዚህ ሆዷ ላይ ማነው የኳላት?» አልኩት ሻጩን።

በቁልፍ ፋቅኩት። ከሥሩ ብየዳ፤ ተሰንጥቃ የተለጠፈች መኪና። ሻጩ ስልክ የተደወለለት መሰለና ራቅ አለ።

ስንመለስ ኃላፊዋ፣ «ለሠራተኞቼ የሚያሳያቸው ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ። «በሳምንት ሦስት ቀን። እርስዎ ቢሆኑልኝስ?»

እጄን ነገርኳት። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ ነገርኩ።

«ጽሑፍዎ ላይ አንብቤዋለሁ» አለች። «ማን እንደሆነ ገምቼ ነበር። መጋዝ አይነኩም፣ ገመድ አይዙም። ይናገራሉ። መናገር ይችላሉ አይደል?»

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ጦጣው መጣ። ሳያንኳኳ ገባ፣ ከባድ ነገር በጆንያ ይዞ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ የባለቤቴ መቀስ ዘሎ ወደቀ። ወፍራም የብረት ቱቦ፣ ከጀርባው ማሰሪያ ያለው።

«በያጁ ነው የሠራልኝ» አለ። «ግንዱ ላይ ይታሰራል፣ ገመዱ ይጠመጠምበታል። ክብደቱን ብረቱ ይይዛል፣ ሰው የሚለቀውን ብቻ ይለቃል። ልኩን አላውቅም። ስንት ዙር?»

«እንደ ክንዱ ክብደት። ለትልቁ ሦስት። ጠርዙን ግን በሞረድ አለዝበው፣ እንዲህ ስለት ሆኖ ገመድህን ይበላዋል።»

ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። እኔም ዳበስኩ፣ ከልማድ። አየኝ። እጄን መለስኩ።

«ሆስፒታሉ ሰው ይፈልጋል» አልኩት። «ዛፍ የሚወጣ። አጥር ከመከርከም…»

«ማነው የነገረህ? ሚስቴ ናት!»

ባለቤቴ ከውስጥ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፣ ግን ተቀመጠ። እስከ እራት ቆየ። ስለ ጥዱ አላነሣም፤ እኔ አነሣሁ። ይቅር በለኝ አልኩት። «ቀስ በቀስ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

እኔና ጦጣው በሆስፒታሉ የመጀመሪያ ቀናችን። ከልብስ ማጠቢያው ጣሪያ በላይ ያዘነበለው ባሕር ዛፍ። አራት ሠራተኞች፣ ሁሉም በአዲስ ሄልሜት፤ አንዱ ገልብጦ አድርጎት ነበር፣ አስተካከልኩለት። ፒካፗን ከዛፉ ርቃ እንድትቆም አደረግኩ።

ገመዱን ለማን ልስጥ? ከአራቱ ረጅሟን መረጥኩ፤ እስካለፈው ወር አበባ የምታጠጣ የነበረችዋን። ጉልበቷን ብዬ አይደለም። ሳስረዳ ግንዱ ላይ የታሰረውን ብረት ብቻ ነበር የምታየው፣ ከዚያም «ካልገባኝ ማስቆም እችላለሁ?» አለችኝ። ትችያለሽ አልኳት። ጠዋቱን ሙሉ ትንንሽ ቅርንጫፍ አስወረድኳት። ከምሳ በኋላ ትልቁ ክንድ።

ጦጣው ከላይ ቆረጠ። ክብደቱ መጣ፣ ብረቱ ጮኸ። እጆቼ ሳላዛቸው ወደ ገመዱ ተነሡ… ያዝኳቸው። ኪሴ ውስጥ አስገባኋቸው።

«አሁን ልቀቂ። ቀስ… ቀስ። ቁሚ። ልቀቂ።»

ክንዱ እንደተኛ ሕፃን ወረደ። ሣሩ ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንኳ አልሰማሁም።

«ማነው የያዘው?» አለ ጦጣው ከላይ። ቅጠሉ ከልሎት አይታየውም።

«እሷ ናት!»

«አንተስ?»

እጆቼን ከኪሴ አወጣሁና ሁለቱንም ወደ ላይ ዘረጋሁለት፣ ጣቶቼን ከፍቼ፣ በቅጠሎቹ መካከል እስኪያያቸው ድረስ።

«አየሁ» አለ። «በሉ ቀጣዩን እሰሩ!»