ጋሽ ፍሬን እና ትርፍ የተባለው ውሻቸው

ወዳጅ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሁሉ «ጋሽ ፍሬን» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «ይህ ልጅ አፉን የፈታው በመኪና ድምፅ ነው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ከሥራ ላይ ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ግን ትምህርቱን ትተው ጋራዥ ገቡ። ጎማ ሲፈቱና ዘይት ሲቀይሩ ከቆዩ በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥተው፣ በ1967 ዓ.ም. በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ተቀጠሩ፤ በ2004 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ከመሪው አልተለዩም። ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። አንድ አዛውንት ወደ ፌርማታው ሲያዘግሙ በመስታወት ካዩ፣ ከኋላ የቸኮለው ሁሉ ቢጮህባቸውም ፍሬን ይዘው ይጠብቁ ነበር። «የቸኮለ ሰው ትናንት ይነሳ!» ነበር መልሳቸው።

በ1973 ዓ.ም. በአውቶቡሳቸው ይመላለሱ ከነበሩት ነርስ፣ ከእናታችን፣ ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ ቡችላ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰተት ብሎ አውቶቡሱ ውስጥ ገባና ከወንበራቸው ሥር ተኛ። ቢያስወርዱት ተመልሶ ገባ። «አቤት! ቲኬት የሌለው ትርፍ ሰው!» ብለው እየሳቁ ጉያቸው ውስጥ ሸጉጠው ቤት ወሰዱት፤ ስሙም በዚያው ትርፍ ሆኖ ቀረ። እናታችን በር ላይ ቆመው «ወይ እኔ፣ ወይ እሱ!» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጆሮውን የሚያጸዱለትም፣ ጥፍሩን የሚከረክሙለትም እሳቸው ሆነው ተገኙ።

በ2008 ዓ.ም. እናታችን በድንገት ሲያርፉ ቤቱ ጭር አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያጓጉዙ የኖሩት ሰው ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር መነሳት አቃታቸው። ልጆቻቸው የሚያመጡላቸውን ምግብ አንድ ሁለቴ ቀምሰው የቀረውን ወደ ትርፍ ይገፉታል። ብስኩትም ለእሱ፣ ጮማም ለእሱ። ሴት ልጃቸው «አባዬ፣ ኧረ ራስህም ብላ!» ስትላቸው «እሱ ሲበላ እኔ እጠግባለሁ» ይሏታል። እሳቸው ሲከሱ ትርፍ እንደ ጆንያ ተነፋ።

አንድ ቀን ጠዋት ትርፍ ደረጃው መሐል ላይ እግሩ ከዳውና ተዘረረ። አባታችን በቤት ጫማቸው እንደሆኑ ወጥተው በዕቃ ተሸካሚ ጋሪ ጭነው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ከእናታችን ቀብር ወዲህ በራሳቸው እግር ከግቢ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። ደረቱን አዳምጣ፣ የጎድን አጥንቱን በጣቶቿ ፈልጋ ስታጣው «አባባ፣ ይህን ውሻ በፍቅር ሊገድሉት ነው» አለቻቸው።

«ዓይን ዓይኔን እያየ ሲለምነኝ እንዴት ልከልክለው፣ ልጄ?»

«ምግብ ብቻ መሰለዎት የሚለምነው? መውጣት አምሮት ነው እኮ! ካላንቀሳቀሱት ልቡ አይችልም።»

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሕግ ወጣ። የትርፍ ምግብ ጠዋትና ማታ በኩባያ ተሰፍሮ ይቀርባል፤ በመሐል ንጹሕ ውኃ ብቻ። ለውሻ ጎጂ የሆኑት ቸኮሌት፣ ሽንኩርትና የተቀቀለ አጥንት ደጁን እንዳይረግጡ ተባለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱና የትል መድኃኒቱ ቀናቸው አያልፍም። ጥርሱን ሲቦርሹት ቢያጉረመርም «ዝም በል! የእኔ እንደሆነ አልቋል፣ ያንተን እንኳ እናትርፍ» ይሉታል።

የመጀመሪያው የእግር ጉዞ ከዳቦ ቤቱ አላለፈም፤ ሁለቱም እያለከለኩ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ዳቦ ሻጯ «ጋሽ ፍሬን፣ ማን ማንን ነው የሚጎትተው?» ብትላቸው «ተራ በተራ ነው» አሏት። አዝና ቁራሽ ዳቦ ስትወረውርለት ግን ኮስተር ብለው «እህቴ፣ ቂም ካለሽ ለእኔ ንገሪኝ እንጂ በውሻዬ አትምጪብኝ!» አሉ። በነጋታውም ወጡ፤ በሚቀጥለውም። ውለው አድረው መናፈሻው በር ደረሱ። ፀሐይ ሲከር መዳፋቸውን አስፋልቱ ላይ ያሳርፉና፣ እጃቸውን ካቃጠለው «እግርህንም ይፈጅሃል» ብለው በጥላ ይዘውት ይመለሳሉ። በየግንዱ ሥር እያሸተተ ሲያዘገያቸው «ፌርማታው ነው፤ ይቁም» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ሴት ልጃቸው ደጋግማ ብትደውል ስልካቸው አይነሳም። ክፉ ክፉው እየታሰባት እየሮጠች መጣች፤ ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤት ወደ መናፈሻው ጠቆማት። ስትደርስ አባቷ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ኳስ ይወረውራሉ፤ ትርፍ ያመጣና አልሰጥም ብሎ ዙሪያቸውን ያስሮጣቸዋል፤ እሳቸው ከት ብለው ይስቃሉ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ያን ሳቅ ሰምታው አታውቅም ነበርና እዚያው ቆማ አለቀሰች። እሳቸው አይተዋት ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሏት።

«ማንም» አለች። «ማንም አልሞተም፣ አባዬ።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የደስታ ነበሩ። ሐኪሟ የትርፍን የጎድን አጥንት አገኘችው፤ የአባታችንም የደም ግፊት ወረደ። ጡረታ የወጡ ሹፌሮች አንድ ሁለት እያሉ የጠዋቱን ጉዞ ተቀላቀሉ፤ በየቤቱ ታስሮ የሚውለውን ውሻም ባለቤቶቹን እየለመኑ ይዘውት ይወጡ ጀመር።

አባታችን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። መራመድ ሲያቅታቸው የትርፍን ማሰሪያ ለወንድ ልጃቸው አስረክበው፣ እሳቸው መናፈሻው ወንበር ላይ ሆነው «አታጣድፈው!» እያሉ ያዝዙ ነበር። ሰኔ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የሁለት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ትርፍም አሥር ዓመቱን ይዞ፣ በሙሉ ጤንነት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራል።

ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው «እኔ ስሞት ሰው ይሰበሰባል፤ "አይ የሟች ውሻ!" እያለ ሁሉም ሊያጎርሰው ነው። አደራ!» ብለው ነበር።

ስለዚህ ቤተሰቡ በሐዘናችን ከጎናችን የቆማችሁትን ሁሉ ከልብ እያመሰገነ የአባታችንን አደራ ያደርሳል፦ እባካችሁ ለትርፍ ከማዕዳችሁ አትቁረሱለት። ማሰሪያው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ያዘናችሁለት ካላችሁ አንሡና ትንሽ አብራችሁት ተራመዱ።

ፈጣሪ ለአባታችን ነፍስ ድካም የሌለበት ማረፊያ ይስጥልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ያድለን።