አባታችን “ባ ባ” የሚሉት ማንን ነው

…እና እጅህን ከውሃው ስታወጣ ኤሊው ጣትህን ነክሶ እንደ እርጥብ ቅጠል ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንተ አፍህን ከፍተህ ድምፅ አጥተሃል፤ አባታችን ደግሞ ከተቀመጡበት ሳይነሡ “አትጎትተው። እጅህን መልሰህ ውሃ ውስጥ ክተተው፤ ቤቱ መግባቱን ሲያውቅ ራሱ ይለቅሃል” አሉህ። እኔስ የት ነበርኩ? ኩሬው ዳር ነበርኩ ወይስ ማድቤት? ከጠዋት ጀምሮ ይህንን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ግን አላውቅም።

ይቅር በለኝ ወንድም ዓለም፤ ሰላምታው መቅደም ነበረበት። ከዓይኔ ርቀህ ከሐሳቤ ለማትርቀው ለወንድሜ ለባ፤ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? መረብ ስትስቡ የሚላጠው መዳፍህ ቆዳ አወጣ? ባሕሩ ሲናወጥ አሁንም እህል አልወርድ ይልሃል ወይስ ለመድከው? ታይዋኖቹ ሩዙን እንደ ሰው ያበስሉታል? እኛ ሁላችን ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እንደዚያ ተብሎ ነው የሚጀመረው። እናታችን ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም አለሁ። አባታችን አሉ። ኡትም አለ፤ እስከዚህች ሰዓት ድረስ አለ።

የምጽፍልህ ስለ ኡት ነው። “ታናሽ አልሰጣችሁኝም፣ እኔው አመጣሁ” ብለህ ኡት፣ የመጨረሻው ልጅ፣ ብለህ ስም ያወጣህለት ቆዳ ለባሽ ኤሊ ዛሬ እንደ ድሮው የማሰሮ ክዳን ብቻ አያህልም፤ የሩዝ ማበጠሪያ ሰፌድ ያህላል። አንተ ብታየው አታውቀውም። እሱ ግን የሚያውቅህ ይመስለኛል። ይህ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው፣ ተወው።

አባታችንን ስትሮክ እንደመታቸው ባለፈው ደብዳቤዬ ነግሬሃለሁ። ቀኝ ጎናቸው አልተመለሰም። ያልነገርኩህ ስለ አንደበታቸው ነው፤ ከቃላቸው ሁሉ አንዲቷ ተመልሳለች። ጠዋት ይሏታል፣ ሲታጠቡ ይሏታል፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሏታል። ባ ባ።

እንግዲህ አስበው። በኛ በደቡቦቹ አፍ ባ አባት ነው። ባ ሦስትም ነው። አንድ ተብሎ የተጠራ ልጅ ክፉ መንፈስ ያየዋል ብለው እኔን በኩሯን ሐይ፣ ሁለት፣ ሲሉኝ አንተ ሁለተኛው ሦስት ሆንክ፤ ባ አንተም ነህ። ሁለት ጊዜ ሲባል ደግሞ ቆዳ ለባሹ ኤሊ ነው። ልጅ ሆነህ “አባት ሲደጋገም ኤሊ ይሆናል” እያልክ አባታችንን ስታበሽቃቸው ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ያባርሩህ ነበር። ያኔ ቀልድ ነበረ። አሁን ቤቱ በዚህች ቃል ሦስት ቦታ ተከፍሏል።

እናታችን የሞተውን አባቱን ነው የሚጠራው ይላሉ። የጨረቃው ሰባተኛ ወር ስለሆነ፣ የሙታን በር ተከፍቶ አያታችን ደጃፍ ቆመው ነው ይላሉ። ነገ ሙሉ ጨረቃ ናት። ፓጎዳው ሥር ወርደው ኡትን ወንዙ ውስጥ ሊለቁት ተስለዋል፤ ዕድሜው ረጅም የሆነ ፍጡር ሲለቀቅ ለታመመ ሰው መንገድ ይከፈታል ብለው። “ለመዳን ነው ወይስ ለመሄድ?” አልኳቸው። ጎመኑን መቀንጠሳቸውን ቀጠሉና “ለመቅለል” አሉኝ።

የእናታችንን ወንድም ታውቀዋለህ፣ አጎት ታምን፤ አባታችንን አንሥቶ ለማጠብ እንዲያግዘኝ እኛ ቤት ገብቷል። ከገመድ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቅባቸዋል። “እትዬ፣ ሙታኑን ተያቸው። ጋሼ አምሮት ነው። ሰው ሲታመም የሚያምረውን ነው የሚጠራው። ኤሊ በጥሬ ሙዝ፣ በእርድ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በዛ ብሎ፤ ደሙ ደግሞ በሩዝ አረቄ ተበጥብጦ። የተኛ ጎን ይቀሰቅሳል። ከመሻገሪያው ማዶ ያሉትን ሽማግሌ ማን አስነሣቸው?” ይላል። እናታችን “ሽማግሌው ከተቀበሩ ቆዩ፣ አንተ ሆዳም” ይሉታል። “ቢሆንም በእግራቸው እየሄዱ ነው የሞቱት” ይላቸዋል። ሳልወድ ሳቅሁ። አባታችንም የሳቁ መሰለኝ፤ ግማሽ ፊታቸው ስለሆነ መለየት ያስቸግራል።

ክፉ ሰው አይደለም፣ ታም። ማታ ማታ የአባታችንን እግር የሚያሽላቸው እሱ ነው። እናታችንም ክፉ አይደሉም። ክፉ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔም ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር።

የገባኝን ልንገርህ። እኔ የሚመስለኝ ስለ ኡት ውሃ ነው የሚጠይቁት፣ ተቀየረለት ወይ ብለው። ስለዚህ ለማወቅ ሞከርኩ። የአያታችንን ፎቶግራፍ ከመሠዊያው አውርጄ አሳየኋቸው፤ ባ ባ አሉ። ያንተን፣ ወደቡ ላይ የተነሣኸውን አሳየኋቸው፤ ባ ባ አሉ፣ ጣታቸውም ፎቶው ላይ ቆየ። ኡትን በመታጠቢያ ሳፋ ተሸክሜ አመጣሁላቸው፤ ባ ባ ብለው እንባቸው ወረደ። ታም ከኋላዬ “ይኸው፣ በእንባ የተጠየቀ ወጥ” አለ። እናታችን ደግሞ “ሲሰናበተው ነው” አሉ። ሳፋውን ይዤ መሐላቸው ቆሜ ቀረሁ። ቃሏን ከሁሉም በኩል አገላበጥኳት፣ ባ። አያታችን አሉበት፣ አንተ አለህበት፣ ኤሊው አለበት። ሐይ የለችበትም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም።

ኡት ታሟል። ወደዚህ ልመጣ ነበር፣ እየዞርኩ ነው። አባታችን ኩሬውን ሲሠሩ፣ በእናታችን የዱቄት ወንፊት አሸዋ ሲነፉ ተይዘው እንዴት እንደተሰደቡ ትዝ ይልሃል? “ድንጋይ የሚለብሰው ኤሊ ግድግዳውን ይዞ ይዞራል፤ ይሄ ግን ራቁቱን ነው፣ የሚተኛበት ነገር ሁሉ ይሰማዋል” ነበር መልሳቸው። አሸዋው እንደ ዱቄት የላመ፣ መላ ሰውነቱን የሚደብቅበት ያህል ጥልቅ። ውሃው በአንድ ወገን ዘቅዝቆ፣ አሸዋ ውስጥ እንደተቀበረ አንገቱን ቢዘረጋ አፍንጫው አየር እንዲያገኝ። ፀሐይ የሚመታት አንዲት ሳንቃ፣ ጫፏ የተላገ። ጠጠር የለ፣ ስለት የለ፣ ሌላ ኤሊ የለ፤ ይነካከሳሉና። ትናንሽ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ የተቀጠቀጠ ቀንድ አውጣ፤ የተረፈው ሳይሸት ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ “አትሸከሙት። እሱ እኛን ለመውደድ አልተፈጠረም፣ እኛ ነን” ይሉ ነበር። እኔ ግን በሳፋ ተሸከምኩት።

አሁን ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ኩሬው የለም። ለአባታችን መታጠቢያ ቦታ ሲፈለግ ከደጁ ቅርብ የሆነው ሜዳ እሱ ነበርና ታም በተሰባበረ ጡብ ደፈነው። ገንዳውንም በገዛ እጁ ከመኝታቸው መስኮት ሥር ሠራው፤ “ጋሼ ተኝቶ ይየው” ብሎ፤ ደስ ብሎት፣ እየዘፈነ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ፣ ኖራው ሳይወጣ ኡትን ከተተው። እኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ስመለስ ሁሉም ተጨብጭቦ አልቆ ነበር። አባታችን በመስኮቱ እያዩ ባ ባ ይላሉ፤ ታም “አያችሁ፣ አመሰገነኝ” ይላል።

አሸዋ አመጣሁለት፤ የሲሚንቶው ወለል ግን ለመቀበር በቆፈረ ቁጥር ሆዱን ይፍቀዋል። ሆዱ ቀላ። ከዚያ ጀርባው ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣ፣ እንደ ሻጋታ። ምግብ አይነካም። ቀን ቀን አንገቱን ዘርግቶ፣ ያቺን ቀጭን አፍንጫ ከውሃው አውጥቶ ይቆያል፣ ማንንም አያይም። ጥጥ ሲያወጣ አባታችን ጥላ ሥር እርጥብ ጨርቅ ላይ ያቆዩት እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያም ጨው ያለበት ውሃ። ጨውስ ምን ያህል? እፍኝ? ቁንጥር? ቢበዛ ያቃጥለዋል፣ ቢያንስ አያድነውም። ሄጄ አልጋቸው ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። ዓይኔን አዩኝ። የሚያውቁት ነገር ከጉሮሯቸው ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ወንድሜ፣ እምልልሃለሁ። ከዚያ ባ ባ አሉኝ።

ቁንጥር አደረግሁ። የመጣ ለውጥ የለም። የደረሰ ጥፋትም የለም። አላውቅም።

ወንዙ ይሻለዋል እንዳልል፣ ከፓጎዳው በታች ጀልባቸውን እምቦጭ ውስጥ ደብቀው የሚጠብቁትን አንተም ታውቃቸዋለህ። ላይ እየተጸለየ ይለቀቃል፣ ታች በመረብ ይያዛል፤ በማግስቱ ያው ዓሣ ገበያ ላይ ነው። ለእናታችን ነገርኳቸው። “የምለቀው እኔ ነኝ፤ የሚይዙት ደግሞ እነሱ፤ ኃጢአቱም የነሱ” አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ሒሳቡ ይገጥማል። ኡትን ብቻ ሒሳቡ ውስጥ አጣሁት። ደግሞ ታሞ፣ በኩሬ አድጎ፣ የማያውቀው ጅረት ውስጥ። ታም ሰምቶ “እንግዲያማ የሌላ ሰው ድስት ከሚገባ የራሱ ቤት ድስት አይሻለውም?” አለ።

ትናንት ምሳ ላይ ኩሬ መልሼ ልቆፍር አልኩ። በየት በኩል፣ አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ። ከጓሮው በር ወዲያ የማድቤቱና የወንዙ መተላለፊያ ብቻ ነው፣ ከዚያ የጎረቤት ነው፣ ከፊቱ መንገድ ነው። በመጨረሻ እናታችን “ወንድ ልጁ ይወስን። ባ ይጠየቅ” አሉ። ታምም ተስማማ፤ ዓሣውን እየበላ “ባ ስለ ባ ባ ለባ ይፍረድ” አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ይህን ያህል ጊዜ አብረን ስቀን አናውቅም። አንተ ግን ባሕር ላይ እንደሆንክ፣ ይህ ደብዳቤ ወደብ ላይ እስክትወርዱ አንድ ሣጥን ውስጥ እንደሚተኛ፣ ጨረቃዋም ነገ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ ጻፊ አሉኝ። እየጻፍኩ ነው። ምን ብትል እንደምፈልግ እንኳ ለራሴ አልነገርኩም። እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ ይሄው ነው። አባታችን በመስኮቱ ሲያዩ ባዶ ገንዳ እንዳይጠብቃቸው። ባዶውን ሲያዩ ምን ብለው ይጠሩታል?

አሁን ከሰዓት ነው፣ ዝናቡ ገና አላባራም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የገንዳው ቆርቆሮ ክዳን ሲነሣ ሰማሁ። ዝናቡ ይሆን ብዬ ነበር፣ ዝናብ ግን ቆርቆሮን ቀስ ብሎ መሬት አያስቀምጥም። ነጠላ ጫማ ይሰማኛል፣ ሁለቱም ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርጉት። ልነሣ ስል አባታችን በደህናው እጃቸው ግራ እጄን ያዙኝ። ያን እጅ አታውቀውም፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ እሱ ሄዷል። “አባዬ፣ ልቀቁኝ፣ አንድ ነገር ልይ” አልኳቸው። አልለቀቁኝም። ባ ባ አሉኝ፣ ለስለስ ብለው፤ ልሂድ ወይስ ልቅር፣ አላወቅሁም። ውሃ ተንቦጫረቀ። ማንም ማንንም አልተጣራም። አሁን ብጣራ ምን ብዬ እጣራለሁ?

ሰላምታቸውን ልጻፍልህ፣ ከጻፍኩ የጀመርኩት ነገር ያልቃል። እናታችን ንፋሱ ደረትህን እንዳይመታህ ሹራቡን ከውስጥ ልበስ ብለውሃል፤ ያንተን ሳህን አሁንም ያቀርባሉ። አጎት ታም ሰላም ይልሃል፣ ታይዋን ውስጥ መላጣ የሚወድዱ መበለቶች ካሉ አድራሻ ላክልኝ ብሏል። ሚስቱ አክስት ኛን የጡብ ማቃጠያው ሥራ ላይ ናት፤ ስትወጣ አደራ ሰላም በይልኝ ብላኛለች። አባታችን የላኩልህን ቃል ጽፌልሃለሁ፣ አንተ እንደመሰለህ ተቀበለው። እኔ እህትህ ሐይ ግንባርህን እስማለሁ። ራስህን ጠብቅ። እጄን አሁንም አልለቀቁትም

የጓሮው በር ተዘጋ።

ሳዴክ፣ በፍየል ዓመት በሰባተኛው የጨረቃ ወር፣ በሙሉ ጨረቃ ዋዜማ
(እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 2003)