አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም ነዚፋ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ኮምቦልቻ እንደምን ከረማችሁ? እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ታከር ከተማ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ከመጣች ጀምሮ የአሜሪካን ሐኪም ሁሉ ስትተች ትውላለች።

ልጄ ሩሚሳ ኦቲዝሙ ሲብስባት፣ ራሷን ስትመታ፣ ዲኬተር ከተማ ያለው ሐኪሟ የካናቢስ ዘይት ፈቅዶላት የለ? ጠዋትና ማታ ጥቂት ጠብታ ነው፤ ከጀመረች ወዲህ እጇን መንከስ ትታለች። እማ ግን «ልጅቷን ሐሺሽ አጠጣሃት!» እንዳትለኝ ጥቁር አዝሙድ ነው አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ የሰመረልኝ ውሸት የለም።

ዛሬ ጠዋት ኮሌጅ ፓርክ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ አድርሼ ስመለስ ሩሚሳ ያለወትሮዋ ተኝታለች።

«ዘይቱን ስንት ሰጠሻት?» አልኳት እማን።

«አንድ ማንኪያ። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር የማያድነው የለም፤ አንተ ደግሞ በጠብታ ትሰስትባታለህ!»

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «አጠገቧ ሁን፤ ስትጠራት ዓይኗን ካልገለጠች ወዲያው አምጣት» አለኝ። ሥራ ቀረሁና ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። ትንፋሿ ደህና ነው። ሰማዩ ዝናብ ያዘለ ይመስላል። አሁን ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነችው። ትንፋሿ አሁንም ደህና ነው።

እማ በሩ ላይ ቆማ «አየህ እንዴት እንዳሳረፋት!» ትለኛለች። እስካሁን አልነገርኳትም።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ ዱዓሽም አይለየን። «ሩሚሳም እጅሽን ትስማለች» ብዬ ልጨርስ ነበር። እሱን ስትነቃ ራሷ ትበል ብዬ ቦታ ትቼላታለሁ፤ ወረቀቱንም አላጠፍኩትም።

ወንድምሽ ሸፊቅ